ለሁሉም የደረሰው ጥሪ

በአንድ ወቅት፣ ያውም ሰው ሁሉ ስልኩን በኪሱ ይዞ መዞር ከጀመረ በኋላ፣ በአንዲት የቆላ ከተማ ሦስት ሰዎች በአንድ ከሰዓት ሦስት ነገር አደረጉ። ባደረጉት ነገር አንዲት እናት ከሞት ተረፈች። በዚያው ባደረጉት ነገር አንድ ልብስ ሰፊ ቀኝ እጃቸውን አጡ። የትኛው የማን ሥራ እንደሆነ ከተማዋ እስከ ዛሬ አልተስማማችበትም። የሆነው እንደሆነው ይነገራችሁ፤ ፍርዱ የእናንተ ነው።

የመጀመሪያዋ ትርሲት ትባላለች፤ የደም ባንኩ የኮምፒዩተር ባለሙያ ነበረች። ደም ባንኩ የለጋሾቹን ስም፣ ስልክና የደም ዓይነት በዳታቤዝ አስቀምጧል። አንድ ዓይነት ደም ሲጠፋ ነርሷ ዓይነቱን ትጽፋለች፤ ኮምፒዩተሩ ያ ደም ያላቸውን ብቻ ለይቶ «ደምዎ ለአንድ ሕይወት ይፈለጋል። እባክዎ ፈጥነው ይምጡ» የሚል መልእክት ይልክላቸዋል። መልእክቱ የደሙን ዓይነት አይጠቅስም። ለምን ይጠቅሳል? የሚደርሰው ለባለቤቱ ብቻ ነዋ።

አሮጌው ዳታቤዝ ሥራ እያቋረጠ ሲያስቸግር አዲስ መጣ፤ ትርሲትም በአሮጌው የተጻፉትን ትእዛዞች ወደ አዲሱ እንድታዛውር ተነገራት። ሁለቱ አንድ ቋንቋ ይናገራሉ ይባላል። ነገር ግን እንደ ሁለት አገር ሰው ናቸው፤ ቃሉ አንድ ሆኖ ዘዬው ይለያያል። በአሮጌው፣ ነርሷ የምትሞላው ነገር፣ ባለሙያዎቹ ተለዋዋጭ የሚሉት፣ ከስሙ ፊት @ ትደረግለታለች፤ ኢሜይል አድራሻ ስንጽፍ መሀል የምናስገባት ያቺው ክብ ምልክት ናት። በአዲሱ ግን ምልክቷ ሌላ ትርጉም አላት። በዚህ የተነሳ ትርሲት ያዛወረችው ትእዛዝ ሁሉ አልሠራ አለ። አንዱን አስተካክላ ሳትጨርስ ሌላው ስህተት ነው ብሎ ይመልስባታል። ዓይኗ እስኪቀላ ፈልጋ በመጨረሻ መላውን አገኘችው፤ በአዲሱ ዳታቤዝ ተለዋዋጭ የሚጻፈው ያለ ምልክት ነው። ምልክቷን ከሁሉም ላይ ነቅላ ጣለች። ኮምፒዩተሩም መነጫነጩን ተወ።

አንዱ ትእዛዝ ላይ ግን ነገር ነበረ። በአሮጌው አጻጻፍ፣ በእኛ አፍ ብንለው፣ «የደም ዓይነቱ ከ@የደም ዓይነት ጋር እኩል የሆነውን ለጋሽ አምጣ» ይል ነበር። ምልክት የሌለው የለጋሹ ደም ነው፤ ምልክት ያለው ነርሷ የጻፈችው ነው። ስማቸው አንድ ስለሆነ የምትለያቸው ያቺ ምልክት ብቻ ነበረች። እሷ ስትነቀል ትእዛዙ እያንዳንዱን ለጋሽ «የደምህ ዓይነት ከደምህ ዓይነት ጋር እኩል ነው ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሆነ። ይህን ተጠይቆ አይደለም የሚል ሰው የለም።

ትርሲት ትእዛዙን ሞክራው ነበር። ለሙከራ የራሷን ስም ብቻ አስገብታ፣ ኦ ፖዘቲቭ ናትና ኦ ፖዘቲቭ ብላ ጻፈች፤ ወዲያው ስልኳ ጮኸ። አጠገቧ የነበረችው ሲስተር ጥሩወርቅ፣ የደም ባንኩ ኃላፊ ነርስ፣ ሌላ ዓይነትም ጽፋ እንድታየው፣ የማይመለከተውን ሰው እንዳይጠራ መከረቻት። ትርሲት እሺ አለች። ግን በዚያ ቀን ለታናሽ እህቷ ሽማግሌ ይመጣ ስለነበር ነገ አየዋለሁ ብላ ወጣች፤ ነገ ደግሞ የራሱን ሥራ ይዞ መጣ። የሚደርሰውን ፈተነች እንጂ የማይደርሰውን አልፈተነችም። በኋላ በእንቅልፏም በእውኗም ስትመላለስበት የኖረችው ነገር ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ አንድ የዝናብ ቀን፣ ዘምዘም የምትባል ሴት በሆስፒታሉ ወንድ ልጅ ወለደችና ደሟ አልቆም አለ። ደሟ ኦ ኔጌቲቭ ነው፤ በቀደመው እርግዝናዋ ምክንያት ሰውነቷ ሌላ ደም እንደማይቀበል ሐኪሙ ከካርዷ አይቷል። በማቀዝቀዣው ውስጥ የነበረው ኦ ኔጌቲቭ አልቋል። ሲስተር ጥሩወርቅ ዓይነቱን ጻፈችና ላከችው።

ብዙም ሳይቆይ በሩ በሰው ተጥለቀለቀ። ነጋዴው ሱቁን፣ አስተማሪው ክፍሉን ጥሎ መጣ። ዝናቡ እየወረደባቸው እጅጌያቸውን ሰብስበው ቆሙ። ትርሲት በመስኮት ስታይ መጀመሪያ ደስ አላት። ቀጥሎ ከሰልፉ ውስጥ የገዛ አጎቷን አየችው። አጎቷ ቢ ፖዘቲቭ ነው። በዚያች ቅጽበት ነገሩ ሁሉ ገባት። የራሷን ስልክ ከቦርሳዋ አውጥታ አየች። እሷንም ጠርቷታል።

ሲስተር ጥሩወርቅ ዘንድ ሮጣ ሄደች፤ መልእክቱ ለመዝገቡ ሰው ሁሉ፣ እስከ ገጠር ድረስ እንደሄደ ነገረቻት። አሁኑኑ ሌላ መልእክት ልላክ፣ ኦ ኔጌቲቭ ካልሆናችሁ አትምጡ ልበላቸው አለች።

ሲስተር ጥሩወርቅ የሰውን ብዛት አየች፣ የዘምዘምን ክፍል በር አየች፤ አሰበች። ሰው የደሙን ዓይነት ብዙም አያስታውስም፤ «አትምጡ» የሚለውን አንብቦ የሚመለሰው ከእነዚያ ጥቂቶች አንዱ ቢሆንስ?

«አይላክም» አለች።

«ሲስተር፣ ሰው በከንቱ እየተንገላታ ነው። መንገዱ ደግሞ ጭቃ ነው።»

«አውቃለሁ። ለይቶ ይጠራል ያልሽኝ ነገር አልለየም። አሁን ደግሞ ለይቶ ይመልሳል ብዬ ሴትዮዋን ላስገድልብሽ? የመጣው ይምጣ። እኔ በእጄ እለያለሁ።»

ትርሲት አልተከራከረችም። ጥፋተኛ ሰው አፉ አይከፈትለትም። እንቢ ብላ መላክ ትችል ነበር፤ ቁልፉ በእሷ እጅ ነበር። እሷ ግን ቁጭ ብላ፣ ሲስተር ጥሩወርቅ እያንዳንዱን ሰው ካርድ አይታ «እግዜር ይስጥልኝ፣ የእርስዎ አይደለም» እያለች ስትመልስ አየቻት።

በዚያን ሰዓት ጫንያለው የሚባል የሚኒባስ ሾፌር ከገጠር ወደ ወረዳው ገበያ ሰው ጭኖ ይሄድ ነበር። ኤ ፖዘቲቭ ነው። መልእክቱ ሲደርሰው መኪናውን ዳር አቁሞ ደም ባንክ ደወለ፤ ማን እንዳነሳለት ባይታወቅም የሚፈለገው ኦ ኔጌቲቭ መሆኑን ነገሩት። ሌላ ሰው ቢሆን የእኔ አይደለም ብሎ መንገዱን ይቀጥል ነበር። ጫንያለው ግን አንድ ነገር ትዝ አለው። ባለፈው ዓመት ደም ሲሰጥ አጠገቡ ተኝታ የነበረችው ወፍጮ ቤት ያላት እማዋይሽ፣ ነርሷ «ያንቺስ ብርቅ ነው፣ ኦ ኔጌቲቭ» ስትላት ሰምቷል። እማዋይሽ ስልኳ ከተበላሸ ወራት አልፎታል፤ የትኛውም መልእክት፣ የተሳሳተውም ትክክለኛውም፣ ሊደርሳት አይችልም። ጫንያለው ተሳፋሪዎቹን ወይ ውረዱ ወይ አብራችሁኝ ተመለሱ አላቸው። እያጉረመረሙ ከፊሉ ወረደ፣ ከፊሉ ቀረ። መኪናውን አዙሮ እማዋይሽን ከወፍጮዋ ላይ ዱቄት እንደለበሰች አስነስቶ ጫናት።

በዚያው መንገድ አቶ አምሃ በሞተር ብስክሌት ይመጡ ነበር። አቶ አምሃ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የከተማው ተማሪ ሁሉ ዩኒፎርሙ የእሳቸው እጅ ነው። ያን ቀን ገጠር ያለች እህታቸውን ሊጠይቁ ሄደው፣ መልእክቱን ዘግይተው ሲያዩት ምሳ ቀርቦላቸው ነበር። ምሳውን ትተው ተነሱ። ተነስተው የወጡት ትርሲት ሌላ መልእክት ልላክ ካለች በኋላ ነው። ይህ በኋላ ተጣርቷል። ከድልድዩ ወዲህ ባለው ጠመዝማዛ ላይ ሞተሩ በጭቃ ተንሸራቶ ወደቁ፤ ቀኝ እጃቸው ከሞተሩ ሥር ተቀርቅሮ ቀረ።

ጫንያለው ከጠመዝማዛው ሲወጣ አያቸው። የወደቀውን ሞተር፣ ከጎኑ የተነሳውን ራስ፣ ግራ እጃቸውን ወደ መኪናው ሲዘረጉ አየ። ተሳፋሪዎቹ አቁም አሉት። ሞተሩን አንስቶ፣ ሰውየውን አውጥቶ፣ አስተኝቶ እስኪጭን ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ አሰበ፤ ከኋላው የተቀመጠችውን እማዋይሽን በመስታወቱ አየ። «ከኋላ ሌላ መኪና አለ» አለና ነዳጁን ረገጠ። ሌላ መኪና አልነበረም። ሆስፒታል ሲደርስ ለጥበቃው ሰው ወድቋል ብሎ ነገረው፤ ጥበቃው ግን ያን ሁሉ ሕዝብ ሲያስተናግድ ነገሩ ጠፋበት።

እማዋይሽ ተመርምራ ደሟ ተወሰደ። የዘምዘም እስትንፋስ ሊቋረጥ ደርሶ ነበር፤ ደሙ ገባላት፣ ከንፈሯ ቀላ፣ አመሻሹ ላይ ልጇን ጠየቀች። ትርሲት በኋላ መዝገቡን በትክክለኛው ትእዛዝ ስትጠይቀው ኦ ኔጌቲቭ የሆኑት በጣም ጥቂት ነበሩ፤ አንዱ አረብ አገር ሄዷል፣ አንዷ አራስ ናት፣ የቀሩት ስልካቸው አይሠራም ወይም አገር ለቀዋል። ምልክቷ በቦታዋ ብትሆን ኖሮ ጥሪው መምጣት ለሚችል ለማንም አይደርስም ነበር። ዘምዘምም ትሞት ነበር።

አቶ አምሃን ከብት የሚያመጡ ሰዎች አግኝተው በአልጋ ተሸክመው አመጧቸው። ሐኪሙ እጁን ቆረጠው። ቀደም ብለው ቢደርሱ ይተርፍ ነበር ወይ ተብሎ ሲጠየቅ፣ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል አለ።

ከተማው ግን ደስታውን ብቻ ነበር የሰማው። ሕዝቡ ተጠራርቶ አንዲት እናት አዳነ ተባለ። ትርሲትን በመንገድ ያገኟት ሁሉ እጅሽ ይባረክ አሏት። አለቃዋ ትእዛዙን እንድታስተካክል ቀስ ብሎ ነገራትና፣ በስብሰባ ላይ ግን አመሰገናት። ተለዋዋጩን «የተጠየቀው» ብላ ስሙን ቀየረችው፤ ከዚያ ወዲህ ነገሩ እንደሚገባው ሠራ። እሷ ግን ምግብ አልበላ አላት። የእህቷ ሰርግ ዝግጅት ላይ እንኳ ጥግ ይዛ ትቀመጥ ነበር።

አንድ ቀን ብርቱካን ገዝታ አቶ አምሃ የተኙበት ክፍል ገባች። አላወቋትም። ጠያቂ መስላቸው ደስ ብሏቸው ተቀበሏት፤ እሷ ሳትጠይቃቸውም ነገሯት።

«ሠላሳ ዓመት ስሰፋ ኖሬ ለአንድም ቀን ለሕይወት ትፈለጋለህ ያለኝ ሰው የለም። ያን መልእክት ሳይ ደስ ብሎኝ ነው የወጣሁት፣ ልጄ። እጄም ብትሄድ ሴትዮዋ ተርፋለች። በዚያ ነው የምጽናናው።»

ትርሲት ብርቱካኑን ይዛ ቆመች። ዝም ብላ ብትወጣ ሰውየው በመጽናኛቸው ይኖራሉ። ብትነግራቸው ያላቸውን አንድ ነገር ትወስድባቸዋለች። አሰበችና፣ በውሸት ላይ የቆመ ምስጋና እሷን እንደሚበላት መጽናኛውም አንድ ቀን እሳቸውን ይበላቸዋል አለች። ምናልባትም ይህን ያለችው የራሷን ሸክም ለማቅለል ይሆናል፤ ይህንንም አስባዋለች።

«ጋሼ፣ የእርስዎ ደም አልነበረም የተፈለገው። እርስዎ ኦ ፖዘቲቭ ነዎት። መልእክቱ በስህተት ነው የደረሰዎት።»

አቶ አምሃ የተጠቀለለውን ክንዳቸውን አዩ።

«ታዲያ ማን ነው የጠራኝ?»

«እኔ ነኝ።»

ብርቱካኑን ከአልጋው ጎን አስቀምጣ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ምልክቷን፣ ያልሞከረችውን ሙከራ፣ ሳይላክ የቀረውን መልእክት። እሳቸው አልጮሁም፣ አልረገሟትም። ሂጂ ብቻ አሏት። ነገሩም ከዚያ ክፍል ወጥቶ ቀስ በቀስ ከተማው ሁሉ ሰማው።

ዘምዘም ድና ከሆስፒታል ስትወጣ ባሏ እንድሪስ በግ አረደ፤ ለክርስቲያን እንግዶቹና ጎረቤቶቹም ለብቻ አሳረደ። የልጁን ስም እሷ እስክትድን ብለው አቆይተውት ነበር። እንድሪስ ትርሲትን፣ ሲስተር ጥሩወርቅንና ጫንያለውን፣ እንዲሁም እማዋይሽንና አቶ አምሃን ጠራ። እማዋይሽ ገና ከመቀመጧ እኔን ከዚህ ነገር አውጡኝ አለች፤ ጠሩኝ ሄድኩ፣ ተኝቼ ተነሣሁ፣ ደሜን ሰጠሁ እንጂ ምንም አልወሰንኩም ብላ ሳህኗን ሳበች። እንድሪስ ልጁን ታቅፎ ቆመ።

«የዚህ ልጅ እናት በእናንተ በአንዳችሁ ነው የተረፈችው። ልጁን አቅፎ ስም የሚያወጣለት ያ ሰው ነው። ማን እንደሆነ ግን እኔ አላውቅም።»

ሰው መከራከር ጀመረ። ገሚሱ የትርሲት ነው አለ፤ ጥሪው ለሁሉ ባይደርስ ጫንያለው ከየት ይሰማ ነበር? ገሚሱ ደግሞ የሲስተር ጥሩወርቅ ነው አለ፤ ትርሲት ሳታውቅ ነው ያደረገችው፣ አውቃና አስባ የወሰነችው ሲስተር ናት፣ «አትምጡ» ቢባል ጫንያለውም ገበያው ይሄድ ነበር። የቀሩት የጫንያለው ነው አሉ፤ በር ላይ ያ ሁሉ ሕዝብ ሲቆም ደሙን ያመጣው እሱ ብቻ ነው።

አቶ አምሃ ይህን ሁሉ ጥግ ተቀምጠው ሰሙ። የእጅጌያቸው ጫፍ ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ክርክሩ ሲበርድ ተናገሩ።

«እኔም አንድ ነገር ልበል። ሱቄ ተዘግቷል። የተቆረጠ ጨርቅ አለኝ፣ የሚሰፋው የለም። ልጁን የሚያቅፈው ሰው ነገ መጥቶ ሱቄን ይክፈት፤ ሙያውን እስኪለምድ አስተምረዋለሁ፣ እስክሞትም እጄ ይሁነኝ። እናትየዋን ያተረፈው ሥራና እጄን የወሰደው ሥራ አንድ ሥራ ነው። አንዱን ወስዶ ሌላውን መተው የለም።»

ቅድም ወደፊት ተጠግተው የነበሩት ሦስቱ ሰዎች ወደ መሬት አዩ።

መጀመሪያ የተነሣችው ትርሲት ናት። «ልጁን ማቀፍ አይገባኝም። በስህተቴ አልመሰገንም። ሱቁን ግን እኔ እከፍታለሁ፣ ጋሼ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

አቶ አምሃ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጁን ትተሽ ጥፋቱን ብቻ ብትወስጂ፣ እጄ በከንቱ ሄደች ማለት ነው። እንዲህ አድርገሽ አትውሰጂብኝ።»

ትርሲት ለሳምንታት ስትፈልገው የቆየችው ቅጣት ፊቷ ላይ ቀርቦላት፣ ከምስጋናው ጋር ተሰፍቶ ነበር፤ መቀበል አቃታት።

ሲስተር ጥሩወርቅ ተነሣች። «የእሷ ስህተት ነው፤ ሰው ይሳሳታል። እኔ ግን አልተሳሳትኩም። መንገዱ ጭቃ መሆኑን እየሰማሁ አይላክም ያልኩት እኔ ነኝ። ዛሬም ቢሆን ያንኑ እል ነበር፤ ለዚህም ነው ይቅርታ ልለምንዎት ያልቻልኩት።» ይህን ብላ ተቀመጠች። ልጁን ግን ለመቀበል እጇን አልዘረጋችም።

ጫንያለው ሳይነሣ ተናገረ። «እነሱ እጅዎን አላዩም። ሁለቱም ቢሮ ውስጥ ነበሩ። እርስዎ ግራ እጅዎን ሲዘረጉልኝ ያየሁት እኔ ነኝ። ዓይንዎን አይቼ ነው ያለፍኩት።» ከዚያ ወዲህ ያንን ጠመዝማዛ እንደማይነዳበት፣ ዙሪያውን እንደሚሄድ ቀስ ብሎ ጨመረ።

ትርሲት ሁለቱንም አየቻቸው። እስከዚያች ሰዓት ድረስ በደሉ ሁሉ የእሷ ብቻ ይመስላት ነበር። የሌሎቹ ድርሻ ሲነገር ሸክሟ ይቀላል ብላ ብትጠብቅም አልቀለላትም። እንዲያውም ሦስቱም እኩል ከተሸከሙት የማናቸውም ሳይሆን እንዳይቀር ፈራች። እንድሪስ ልጁን ይዞ እንደቆመ ነው፤ ልጁ ተኝቷል፤ ዘምዘም ከመጋረጃው ወዲያ ሆና ትሰማለች፤ አቶ አምሃ በግራ እጃቸው የሱቁን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው መሬቱ ላይ አስቀመጡት።

እንግዲህ እናንተ የሰማችሁ፣ ያ ቤት ውስጥ ብትሆኑ ፍረዱ ትባሉ ነበር። አንዷ ሳታውቅ ጠራች፤ አንዷ እያወቀች አልመለሰችም፤ አንዱ እያየ አለፈ። ከሦስቱ አንዳቸው ባይኖሩ ዘምዘም አትኖርም፤ ከሦስቱ አንዳቸው ያደረጉትን ባያደርጉ አቶ አምሃ ምናልባት ዛሬም ይሰፉ ነበር። ልጁን ማን ይቀፍ? ቁልፉንስ ማን ያንሣ?